ሸምግሎ ተማሪ መሆን

ሰው በወጣትነቱ ቢማር ልማድ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቶ ከልጆቹ እኩዮች ጋራ ለትምህርት ቢቀመጥ ግን ክብሩ ይቀንስበታልን?

በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት የጂሚ ካርተር እናት፥ ወይዘሮ ሊልያን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው በሰላም ጓድ አማካይነት ወደ ሕንድ አገር ተልከው በነርስነት አገልግለዋል። ከመሄዳቸው በፊት ግን እንደ ማንኛውም ተላኪ ሠልጥነዋል።

እኛ እንደሚመስለን፥ ለሸመገለ በጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያው ባዕድ አገር የሠልጣኞች ጉባኤ ነው። እዚያ ማዕርግና የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። የሚሄዱበትን አገር ቋንቋ ወጣቱ ቀድሞ ቢይዝ፥ ሽማግሌው «አስረዳኝ» ማለት ይገባዋል። ዕድሜ ክብርን ይሰጣል እንጂ ከመማር ነፃ አያወጣም። በባልንጀሮቹ ፊት «አላውቅም» ለማለት የሚያፍር ሰው፥ በባዕድ ሕዝብ መካከል ሊያገለግል ሄዶ ጌታ ሆኖ ይቀመጣል።