ታላቅ ሰው በምን ይመዘናል?

ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ከማይጠፉት ክርክሮች አንዱ «ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚለው ነው። የዓለምን ታሪክ የተማሩ ልጆች በሃያኛው መቶ ዓመት አሜሪካን ከመሩት ፕሬዚዳንቶች ታላቁ ማን እንደ ሆነ ሲከራከሩ በማስተማር ዘመኔ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዱ ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ያነሣል፤ ሁለተኛው ሃሪ ትሩማንን፤ ሦስተኛው ሊንደን ጆንሰንን። ሁሉም የየራሱን ሚዛን ይዞ ስለሚነሣ ግን ክርክሩ ከቶ አያልቅም። እህል ሻጭና እህል ገዢ አስቀድመው በአንድ ቁና ካልተስማሙ መጣላታቸው አይቀርም። ስለዚህ ስም ከመጥራታችን በፊት ቁናውን እንመርምር።

ብዙ ሰው ታላቅነትን ከኃይል ጋራ ያደባልቀዋል። ኃይል ግን መሣሪያ እንጂ የሰውዬው መልካምነት አይደለም። ገበሬ የሚመሰገነው በሬዎቹ ብርቱዎች ስለ ሆኑ ሳይሆን በእነርሱ ያረሰው መሬት ፍሬ ስላፈራ ነው። እንግዲህ መሪን ስንመዝን ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፤ ሥልጣን ሲይዝ ያገኘው ችግር ምን ያህል ከባድ ነበር? ሁለተኛ፤ በሥልጣኑ ማንን አነሣ? ሦስተኛ፤ ማንን ረገጠ፤ ወይስ ማንን ረሳ? አብዛኞቻችን ሁለቱን ጠይቀን ሦስተኛውን እንተወዋለን።

ሩዝቬልትን በዚህ ቁና እንስፈረው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሰው በ1921 በ39 ዓመቱ ታሞ እግሮቹ ሰለሉ። በ1933 ፕሬዚዳንት ሲሆን በአገሩ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥቶ ነበር፤ ባንኮችም በየስፍራው ተዘግተው ነበር። በዚያው ዘመን በጀርመን አገር የተቸገረ ሕዝብ ነጻነቱን ለአንድ አምባገነን አሳልፎ ሰጠ። ሩዝቬልት ግን ምክር ቤቱን ሳይዘጋ፣ ምርጫውን ሳያስቀር፣ ለሥራ ፈቱ ሥራ ፈለገ፤ በ1935ም ለሽማግሌዎች ጡረታ፣ ሥራ ላጡት ርዳታ የሚሰጠውን ሕግ ፈረመ። አራት ጊዜ ተመረጠ፤ ሂትለርን በተዋጋው ጦርነት አገሩን መርቶ ድሉ ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው በ1945 ሞተ።

ይህን ሁሉ ብቻውን አልሠራም። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ፣ የጡረታውን ሕግ በብርቱ የደከመችበት የሥራ ሚኒስትሯ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ናት። እርስዋም በአሜሪካ የመጀመሪያይቱ ሴት ሚኒስትር ነበረች። በ1941ም የጥቁር ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበረው ፊሊፕ ራንዶልፍ ብዙ ሕዝብ አሰልፎ ወደ ዋሽንግተን እንደሚሄድ ስላስታወቀ፣ ፕሬዚዳንቱ በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ውስጥ ሰውን በቀለሙ መለየት እንዲቀር አዘዘ። ለታላቁ ሰው የሚሰጠው ምስጋና እኩሌታው ሳይፈሩ ለነገሩት ሰዎች ይገባል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። በ1942 ሩዝቬልት በፈረመው ትእዛዝ ከጃፓን ዘር የተወለዱ 120,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸውና ከእርሻቸው ተነሥተው በአጥር ተከበው ተቀመጡ። አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ፤ ወንጀላቸው የአባቶቻቸው አገር ብቻ ነበር። ያ የተመሰገነው የጡረታ ሕግም የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት አገልጋዮችን ስላላካተተ ብዙ ጥቁሮች ከደጅ ቀሩ።

እኛ ኢትዮጵያውያንም በዚህ መዝገብ ላይ አንድ መሥመር አለን። በ1935 ጣልያን ሲወርረን ሩዝቬልት በአዲሱ የገለልተኝነት ሕግ መሠረት ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ አዘዘ። ነገሩ ለጆሮ እኩል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጣልያን የራሱ ፋብሪካ ነበረው፤ እኛ አልነበረንም። ነዳጅ ዘይትም በሕጉ አልተከለከለም፤ መንግሥቱ ነጋዴዎቹን ቢመክርም ምክር ሕግ አይደለምና ሽያጩ አልቆመም። ለባለ አውሮፕላንና ለባለ ጦር እኩል መከልከል እኩል ፍርድ አይደለም። ሆኖም እውነት እንዳይጎድል፣ አሜሪካ የጣልያንን ግዛት በሕግ እንዳላወቀችለት፣ ሩዝቬልትም በ1945 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ በግብፅ ውኃ ላይ በጦር መርከብ እንደ ተገናኘ መጻፍ ይገባል።

ሌሎቹስ ከዚህ ጥያቄ ያመልጣሉን? ትሩማን በ1948 በሠራዊቱ ውስጥ ጥቁርና ነጭ መለየቱ እንዲቀር አዘዘ፤ በጦርነት የፈረሰችውን አውሮፓም ረዳ። ነገር ግን በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የወደቁት ቦምቦች የእርሱ ትእዛዝ ናቸው። በ1953 ሲሰናበት ደጋፊው ጥቂት ነበረ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና ታሪክ ጸሐፊዎች ኋላ ከፍ አደረጉት። ጆንሰን በ1964ና በ1965 የጥቁሮችን የዜግነትና የምርጫ መብት በሕግ አጸና፤ በቬትናም ጦርነት ግን ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን፣ ከእነርሱም እጅግ የሚበዙ የቬትናም ሰዎች አለቁ።

የእኔን ፍርድ ብትጠይቁኝ ሩዝቬልት ይበልጣል እላለሁ፤ ያገኘው ችግር ከሁሉ የከበደ ነበረና፣ የተከለውም ሕግ ከእርሱ በኋላ ድኻውን ሲያሳርፍ ኖሯልና። ይሁን እንጂ ዕዳውን ከስሙ አጠገብ እጽፋለሁ። በኒው ዮርክ ላለ ሽማግሌ የተከፈለ ጡረታ በካሊፎርኒያ እርሻውን ለተነጠቀው ሰው ካሣ አይሆንም፤ ባለ ገንዘቡ ሌላ ነውና። አሜሪካ ራስዋ በ1988 በሕግ ይቅርታ ጠይቃ በሕይወት ለተገኘው ለእያንዳንዱ 20,000 ዶላር እንዲከፈል ወሰነች። በዚህ የሩዝቬልት ስም አልጠፋም፤ አገሪቱም አላነሰችም። ያነሰው ውሸቱ ብቻ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የምትወደውን ሰው በደል መሸፈን ፍቅር አይምሰልህ። የታላቁን ሰው ጥፋት «ለበጎ ነው» እያለ ማለፍ የለመደ ልጅ፣ ነገ እርሱ ራሱ ሲሾም የራሱንም እንዲሁ ያልፋል። የጠላኸውንም ሰው መልካም ሥራ አትካድ። ነገ መምህር ወይም ዳኛ ወይም የቤት አባወራ ብትሆን ማንን እንዳነሣህ የሚነግሩህ ሰዎች አታጣም። ማንን እንደ ረሳህ ግን አንተው ሄደህ ጠይቅ።