ቀፎውን የሚያውቀው ማን ነው?



በሐዴራ ዙሪያ ጸደይ ሲገባ የብርቱካን አበባ መዓዛ ከፓርዴሱ አልፎ እስከ መንደሩ ይደርሳል፤ ከአበባው ጋርም ንቡ ይመጣል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 ከተማዋ ስትቆረቆር ሥፍራው ረግረግ ነበር፤ ከመሥራቾቿም ብዙዎቹ በወባ አልቀዋል። ረግረጉን ለማድረቅ የተተከለው ዛፍ እኛ በጎንደር የምናውቀው ባሕር ዛፍ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ብልሃት ነበር፤ ዛሬ አበባው ንብ ይቀልባል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ አዲስ ብልሃት መጥቷል። በዚህች አገር በ2018 የተቋቋመው ቢዋይዝ የተባለው ድርጅት ብዙ ቀፎዎችን በአንድ ትልቅ ሣጥን አኑሮ በካሜራና በሮቦት የሚጠብቅ መሣሪያ ሠርቷል። ሌሎች ድርጅቶችም ሙቀትና ድምፅ የሚለካ ትንሽ ዕቃ በቀፎው ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ወሬው ወደ አናቢው ፔሌፎን ይመጣል። ለፍራፍሬ ዛፍም ቢሆን የግንዱን መወፈርና መቅጠን እየለካ ውኃ የጠማውን ለይቶ የሚናገር አለ። ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም። የንብ እጭ የሚያድግበት ሥፍራ ወደ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ሲወርድ አናቢው ቀፎውን ሳይከፍት በሌሊት እንኳ ያውቃል። ቫሮዋ የተባለው ተባይ በብዙ አገር ቀፎ ባዶ በሚያስቀርበት ዘመን ቶሎ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ጥያቄው ምን ላይ ነው? በጎንደር ገጠር ንብ የሚያነባ ሰው በጭቃና በእበት የተለሰነውን ቀፎ በእጁ ከፍ አድርጎ ማሩን ይገምታል፤ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ንቦቹ ደኅና መሆናቸውን ይለያል። መሣሪያውም የሚለካው ይህንኑ ክብደትና ይህንኑ ድምፅ ነው። ልዩነቱ ዕውቀቱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። የሽማግሌው ዕውቀት ከእርሱ ዘንድ ይኖራል፤ ለልጁም ይወርሳል። የመሣሪያው ግን ወደ ሩቅ ኮምፒዩተር ይሄድና ለባለቤቱ የሚመለስለት ብዙ ጊዜ ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ዛሬ አጠጣ፣ ነገ ቀፎ መርምር። ለምን ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው የለም። ክፍያው የተቋረጠ ዕለትም በገዛ ቀፎው ፊት ምንም የማያውቅ ሰው ሆኖ ይቆማል።

ይህን እኛ አዲስ ገቢዎች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ከመሥሪያ ቤት የመጣውን የዕብራይስጥ ደብዳቤ ልጅ ለአባቱ ሲያነብለት፣ አባት በቤቱ እንግዳ ይሆናል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ደብዳቤውም ውሸት አይደለም። ይሁን እንጂ የቤቱ ወሳኝ ማን ሆነ?

በኢትዮጵያ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 ለገበሬዎች 8028 የሚባል የስልክ መስመር ከፈተ። ምክሩ በአብዛኛው ስለ እህል ቢሆንም አሠራሩ ለንብም ለፍራፍሬም ትምህርት ይሆናል። ገበሬው ሲፈልግ ያለ ክፍያ ይደውላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ያዳምጣል፤ ማንበብ ባይችልም አይቸገርም። ከሁሉ በላይ፣ ሰምቶ «ለእኔ ማሳ አይሆንም» ብሎ መተው ይችላል። በእኔ አስተያየት እርዳታ የሚባለው ተረጂው እምቢ የማለት አቅም የሚቀርለት ሲሆን ነው። ሆኖም የተቀዳ ድምፅ መናገር እንጂ መስማት አይሆንለትም፤ ገበሬው ስለ መሬቱ የሚያውቀውን የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል።

አንዳንዶች «ለሽማግሌው ክብር ስንጨነቅ ንቡ ይለቅ ወይ?» ይላሉ። አይለቅ። መሣሪያው ይግባ፤ ነገር ግን የቀፎው ወሬ የባለ ቀፎው ንብረት ይሁን፣ የቁጥሩም ትርጉም በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ሻጮች አይወዱትም።

ከልጆቻችን መካከል ኮምፒዩተር ተምሮ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ ወደ ገበሬ የሚሄድ ካለ፣ ፔሌፎኑን ከመክፈቱ በፊት ባለ ቀፎውን «አባባ፣ እስቲ ከፍ አድርገው ይገምቱልኝ» ይበላቸው። ከዚያ መሣሪያው ያለውን ያሳያቸው። ሁለቱ ካልተስማሙ ቀፎውን አብረው ይክፈቱት።