ስም ያልያዘው መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1781 ወደ ጃማይካ ትጓዝ የነበረችው የዞንግ መርከብ ባሕርተኞች ውኃ ያልቅብናል ብለው ከ130 በላይ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ከነሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ጣሉ። ጉዳዩ ለንደን ችሎት የደረሰው በነፍስ ግድያ አልነበረም፤ ባለመርከቦቹ በነፍስ ወከፍ 30 ፓውንድ የኢንሹራንስ ካሳ ስለጠየቁ ነው። ጁሪው ነገሩን ፈረስ እንደተጣለ አድርጎ መቁጠሩን ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ በ1783 በችሎት ተናገረ። ከክርክሩ የቀረው የታተመ የሕግ ዘገባ ሁለት ገጽ ያህል ሲሆን የአንድም ሟች ስም የለበትም። ቶቤጎ ተወልዳ ካናዳ ውስጥ በጥብቅና የሠራችው ገጣሚ ኤም. ኑርቤሴ ፊሊፕ በ2008 ያሳተመችውን «ዞንግ!» የሠራችው ከዚሁ ዘገባ ቃላት ነው። ቃላቱን ትሰባብራለች፣ ፊደላቱን በገጹ ላይ ትበትናለች። እንደ እኔ እምነት ይህ ሕጉን በገዛ ቃሉ መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ ነው።

የሕግ ቋንቋ ጥርት ማለት አለበት፣ ግጥም ያደበዝዘዋል የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ያለ ፍርድ የታሰረ ሰው የሚፈልገው የአንቀጽ ቁጥር እንጂ ስንኝ አይደለም፤ በ1948 የወጣው ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአራተኛው አንቀጹ ባርነትን ባጭር ቃል መከልከሉም ኃይሉ ነው። ነገር ግን የዞንግ ዘገባም ጥርት ያለ ነበር፤ ዋጋው፣ ውኃው፣ ውሉ ሁሉ ተነሥቶበታል። የጎደለው «ሰው» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያቅፍ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ድንጋጌ ከራሱ አያመነጨውም፣ ከውጭ ይቀበለዋል። አባቶቻችን ችሎትና ግጥምን አልለያዩም፤ በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በስንኝ ይሟገቱ ነበር። እዚያ ግን የሚረታው አንደበተ ርቱዕ ነው፤ አንደበት የሌለውስ? የፊሊፕ ግጥም የሚንተባተበው ለዚህ ይመስለኛል። በሰው ሥቃይ ውበት ትሠራለች ለሚላትም መልሱ እዚሁ አለ፤ ገጾቹን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ስማቸው ለጠፋ ሰዎች ስም ማውጣት የሐሰት ምስክርነት አይሆንም? ፊሊፕ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ከገጾቹ ግርጌ፣ ከመስመር በታች፣ አፍሪካዊ ስሞችን ደርድራለች። ከዘገባው ቃላት ጋር አላደባለቀቻቸውም፤ መስመሩ ሕጉ የመዘገበውንና እሷ ያሰበችውን ይለያል። ማስረጃ ልትላቸው አልሞከረችም። እኔ በፍትሐት ላይ የሟች ክርስትና ስም ከሚጠራበት ነገር ጋር አቀራርባቸዋለሁ፤ የሚጠሩት ሙታን እንዲታሰቡ እንጂ ዳኛ እንዲሰማ አይደለም። የለንደኑ ዳኞች የዞንግ ጉዳይ ዳግም እንዲታይ ፈቅደው ነበር፤ መታየቱን የሚያሳይ መዝገብ ግን አልተገኘም።