ለውሻ የተሰጠ ቃል

ለውሻ ቃል ይገባል ወይ? ጥያቄው ለቀልድ የተነሣ ሊመስል ይችላል። በእኛ ዘንድ «ውሻ» ስድብ ነው። ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል፤ እንዲከፋ ተብሎ የሚራብም አለ። «ምን አገባት ውሻ ከእርሻ» የሚለውንም ተረት ሁላችን እናውቀዋለን።

አሪቻ ላይ ግን ይህ ተረት አያስኬድም። በይርጋጨፌ አጠገብ ባለችው በዚች የቡና አገር ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ያድጋሉ። ይህን የጌዴኦን መልክዓ ምድር ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ጃርትና ከርከሮ ግን በአንድ ሌሊት ሥሩን ቆፍረው ያን ሁሉ ልፋት ገደል ይከቱታል። እዚህ ውሻ ከእርሻ በደንብ አድርጎ ያገባዋል!

እንግዲያው አንድ ሐሳብ እናንሣ። የአሪቻ ወጣቶች የውሻ ማሠልጠኛ ክበብ ቢያቋቁሙ አባል መሆን ተገቢ ነው? ወይስ የፈረንጅ ቅንጦት መኮረጅ ነው?

የቅንጦት ታሪክ እንዳለው አይካድም። የአዳኝ ውሾች የሜዳ ውድድር በይፋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1865 በእንግሊዝ አገር ነው፤ በዚያን ጊዜ የባለርስቶች ጨዋታ ነበር። የሚሰጠው ትምህርት ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ወፍ አምጪው ውሻ ጥይት ሲተኮስ ከቦታው አይነቃነቅም። ወፏ የወደቀችበትን በዓይኑ ይይዛል። ትእዛዝ ሲሰጠው ብቻ ሄዶ በአፉ ያነሣታል፤ ሳይቦጭቃት ተሸክሞ መጥቶ ከጌታው እጅ ያስረክባል። አንድ ረጅም ፉጨት «ተቀመጥ» ማለት ነው፤ አጫጭርና ተከታታይ ፉጨት ደግሞ «ና» ማለት ነው።

እስቲ እናስተውል። ሥጋ በአፉ የያዘ እንስሳ ሥጋውን ለምን ያስረክባል? ፍርሃት ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዱላ ብቻ የሚያውቅ ውሻ ወፏን ይዞ ወደ ዱላው አይመጣም፤ ይዟት ይሸሻል፣ ወይም ጨርሶ አያነሣትም። የሚያስረክበው እጁን ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት ከየት መጣ? ጌታው በየቀኑ ያንኑ ፉጨት ለያንኑ ትርጉም ስለተጠቀመ፣ ሲመጣም ስላልመታው ነው። ስለዚህ ማሠልጠን ማለት በፉጨት ቃል መግባት ነው። ዛሬ በ«ና» ጠርቶ ያጎረሰ፣ ነገ በዚያው «ና» ጠርቶ የመታ ሰው ውሻውን ብቻ አይደለም ያሳመመው፤ ቃሉን አፍርሷል።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተሰኘው ድርሰቱ የከተማዪቱን ጠባቂዎች ከደህና ዘር ውሻ ጋር ያነጻጽራል። ለሚያውቀው ገር፣ ለማያውቀው ቁጡ ነውና። ወዳጅንና ባዕድን በማወቅ ብቻ ስለሚለይም ፈላስፋ ነው ይለዋል። ነገሩ ደስ ይላል፤ ግን የእኛ ሰው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲል ጉድለቱን ነግሮናል። ለሚያውቁት ብቻ ገር መሆን ፍትሕ አይደለም፤ ያጎረሰ ሁሉ ልክ ነው ወደ ማለት ያደርሳል። ውሻ በበላበት ከጮኸ ደግሞ ጥያቄው ከውሻው ወደ አጉራሹ ይዞራል።

ካንት ይህን ነገር በሥነ ምግባር ትምህርቱ አንሥቶታል። በታማኝነት ሲያገለግል የኖረን ውሻ አረጀ ብሎ የሚገድል ሰው፣ እሱ እንደሚለው፣ በውሻው ላይ ያለበትን ግዴታ አላጓደለም፤ ውሻ መፍረድ አይችልምና። የበደለው በራሱ ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት ነው። ለዚህ ጸሐፊ ግን የካንት መልስ በግማሽ መንገድ የቆመ ነው። መፍረድ አለመቻል አንድ ነገር ነው፣ ማመን ሌላ ነገር ነው። ሕፃን ልጅም አይፈርድም፤ ተማምኖብን እጃችንን ሲይዝ ግን ግዴታችን ለልጁ ነው እንጂ ለገዛ ራሳችን ሰብአዊነት ብቻ አይደለም። እምነቱን ያበቀልነው እኛ ከሆንን ዕዳውም የእኛ ነው።

ታዲያ ክበብ ለምን? ሰው ውሻውን በግቢው ለብቻው አያሠለጥንም ወይ? ያሠለጥናል። ነገር ግን ከውሻው ጋር ብቻውን ያለ ሰው ሕግ አውጪም ዳኛም ራሱ ነው፤ ውሻው አቤት የሚልበት የለውም። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲሰሙ ቃል በሰው ፊት ይመዘናል። ክበብም በትንሹ እንዲሁ ነው፤ «አንተ፣ ትናንት ያጎረስከው በዚህ ፉጨት አልነበረም እንዴ? ዛሬ ምን ነካህ?» የሚል ባልንጀራ ይገኝበታል። አባል የሚሆነው ሰውየው ነው፤ ውሻው አልፈረመም። ስለዚህ መጀመሪያ መሠልጠን ያለበትም የፈረመው ነው።

«ሰው ሳይጠግብ ለውሻ?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በዝምታ ልናልፈው አይገባም። ግን እዚህ የምንለው የባለርስቶቹን ጨዋታ አይደለም። በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በ1999 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 541 የተከለከለ ነው፤ ቆቅና ጅግራ መግደልም አያስፈልግም። በእንግሊዝ አገርም ቢሆን ቡችላ የሚለማመደው በተጠቀለለ ጨርቅ ነው። የአሪቻ ክበብ ሥራ ከጠመንጃ ሳይሆን ከክትባት ይጀምራል። ሰውን ከሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ እጅግ የሚበዛው የሚተላለፈው በውሻ ንክሻ ነው። በባሌ ተራሮችም እ.ኤ.አ. በ1991-92 እና በ2003-04 ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። የተከተበ፣ ሲጠሩት የሚመለስ ውሻ ለጎረቤት ልጅም ደኅንነት ነው። ሰውና ውሻ እዚህ ላይ እንጀራ አይሻሙም።

ጓደኞቼ፣ ብዙዎቻችን ነገ ከሰው ፊት ቆመን «ና»፣ «ተቀመጥ» የምንል ነን፤ በክፍል፣ በቢሮ፣ በቤትም። ታዛዥ መፈለግ ቀላል ነው። የሚከብደው የጠሩበት ቃል ዛሬም ነገም ያው እንዲሆን መጠበቅ ነው። ይህን ለመማር የውሻ ክበብ ያንሳል የሚል ካለ፣ በአንድ ፉጨት ብቻ አንድ ወር ቃሉን ጠብቆ ይሞክረው።