የሚንቀጠቀጥ ስፖኪዮ ይዘህ አትውጣ

ልጄ፣ ፒክአፕ ነድተህ የምታድር ከሆነ ስለ ሞተርና ስለ ጎማ የሚመክርህ አታጣም። እኔ ስለ ስፖኪዮ ልንገርህ። ብዙ ሾፌር ስፖኪዮው ሲወዛወዝ «ናፍጣ መኪና አይደል፣ መንቀጥቀጡ መች ይቀራል» ብሎ ይተወዋል። ክፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው የማያሳየውን መስታወት ማየት ያቆማል። ሲታጠፍም ሆነ ደርቦ ሲያልፍ በግምት ይሆናል፤ ዐይን አንዴ ግምት ከለመደ ደግሞ ስፖኪዮው ከተሠራ በኋላም ቶሎ አይመለስም። በቀኝህ ባጃጅ ይገባል፣ ሞተር ሳይክል ይገባል፣ ከቆመ ታክሲ ጀርባ ልጅ ብቅ ይላል።

ችግሩ ከመኪና ጋር አብሮ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ በተካሄደው የመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር፣ ተፎካካሪዎቹ ከኋላ የሚመጣውን የሚነግራቸው መካኒክ ከጎናቸው አስቀምጠው ሲነዱ፣ ሬይ ሃሩን ብቻውን ገብቶ ማርሞን መኪናው ላይ መስታወት ገጠመ። አሸነፈም። ኋላ ላይ እንደተናገረው ግን፣ ጡብ የተነጠፈበት መንገድ መስታወቱን እያርገፈገፈው ምንም አላየበትም ነበር። አንተም በየሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ፣ ከከተማ ስትወጣ ደግሞ በጠጠር መንገድ ላይ ትነዳለህ፤ ከሃሩን የሚለይህ መንገድህን ከሕፃናትና ከአህያ ጋር መጋራትህ ነው።

መፍቻ ከማንሳትህ በፊት የላላው የቱ እንደሆነ ለይ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ፣ የመስታወቱን ጠርዝ በሁለት ጣትህ በቀስታ ያዝ። ምስሉ ከረጋ፣ የላላው መስታወቱ ከመቀመጫው ነው። ካልረጋ የፕላስቲኩን ቤት ጨብጠህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው፤ የሌላው እጅህ ጣት እግሩ ከበሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ይሁን። ጣትህ ሥር ክፍተት ሲከፈትና ሲዘጋ ከተሰማህ ማሰሪያው ላልቷል። እግሩ ጸንቶ ላዩ ብቻ ከተወዛወዘ ማጠፊያው ደክሟል። ይህን ሳይለዩ ሙጫ የሚያፈሱ፣ ሽቦ የሚጠመጥሙ አሉ፤ አንተ እንደነሱ አትሁን።

ማሰሪያው ራስህ የምትሠራው ነው። በሩን ከውስጥ ስታየው በመስኮቱ የፊት ጥግ ላይ ባለሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ አለ። የካቻቪቴህን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለህ ከጠርዙ ፈልቅቀው፣ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ክሊፕ ብቻ ነው። ከጀርባው የስፒከር ወይም የስፖኪዮው ሽቦ ሊኖር ስለሚችል በኃይል አትጎትት። በሃይሉክስና በብዙ መሰሎቹ ላይ በ10 ቁጥር የሚፈቱ ሦስት ማሰሪያዎች ታገኛለህ። ከመንካትህ በፊት ከሥራቸው ያለውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈን። ዳዶ አምልጦ በሩ ውስጥ ከወደቀ ሙሉውን የበር ሽፋን ማውለቅህ ነው።

ታዲያ አጥብቀህ ብቻ አትዝጋው። ስፖኪዮውን አውርደህ ከእግሩ ሥር ያለውን ጎሚኒ እይ። ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ተጨፍልቆ ከሳሳ ምንም ብታጠብቅ በወሩ ይላላል፤ ውኃም አስገብቶ በሩን ያዝግብሃል። ቆርቆሮውንም ተመልከት። በብሎኑ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካየህ ሥራው የባቲላሜራ ነው፤ ከኋላ ማጠናከሪያ ይበየድበት። ሁሉ ደህና ከሆነ ጥርሱን ጠርገህ የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ አድርግ፣ ሰማያዊውን። ቀዩ ካልሞቀ በቀር አይፈታም፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከዚያ አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ ሦስቱንም በየተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ። ትንንሽ ብሎኖች ናቸውና ጉልበትህን አታሳያቸው፤ ጥርሳቸው ከተበላ መመለሻ የለውም።

መስታወቱ ብቻ ከሆነ የላላው፣ ከጀርባው ያሉት ክሊፖች ተሰብረው ወይም ወጥተው ይሆናል። የወጣውን ለመመለስ ጨርቅ አድርገህ መሐሉን በመዳፍህ ግፋ፤ ጠርዙን ከገፋህ ይሰነጠቃል። በብርድ ጠዋት ፕላስቲኩ ስለሚደርቅ መጀመሪያ ፀሐይ ይንካው። ከተራ መስታወት ተቆርጦ የተለጠፈ አትቀበል። ይከብዳል፣ ስለሚከብድም ይንቀጠቀጣል፤ የፋብሪካው ወጣ ያለ ጉብጠት ያለው ከሆነ ደግሞ ለጥ ያለው የምታየውን ስፋት ይቀንስብሃል።

ማጠፊያው በውስጡ ጠንካራ ሞላ አለው። ሲታጠፍና ሲመለስ ቀጭ ብሎ ካልያዘ ሞላው ደክሟል ወይም መያዣው ተበልቷል። ይህን መፍታት አልመክርህም፤ ሞላው ፊት ላይ ይፈናጠራል። ሙሉውን ለውጥ። ሶማሌ ተራ ስትገዛ ያገለገለ ቢሆንም ከመክፈልህ በፊት ደጋግመህ አጥፈህ መልሰው፣ ቀጭ ማለቱን በጆሮህ ስማ። ሌባ ፈርተህ ማጠፊያውን በቪቴ የምታስቸነክረውንም ነገር ተው። ስፖኪዮ የሚታጠፈው ሰው ቢነካ እንዲሸሽለት ነው። ለሌባው ታርጋህን መስታወቱ ላይ አስቀርጽ።

ማሰሪያው፣ መስታወቱና ማጠፊያው ሦስቱም ጠብቀው ምስሉ አሁንም ከተንቀጠቀጠ ስፖኪዮውን ተወው፣ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ቆሞ የሚያርገፈግፍ ከሆነ የሞተር ጎሚኒ አስፈትሽ። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ብቻ ከሆነ ጎማውን ባላንስ አስደርግ፤ ካልተሻለው ክሮቸራውን አስይ። እነዚህን ችላ ካልክ መዘዙ ከመስታወት ያልፋል።

ነገ ጠዋት ከመጫንህ በፊት ሞተሩን አስነሣና ሁለቱንም ስፖኪዮ በጣትህ ሞክራቸው። የላላ ካገኘህ ሳታሠራው ጭነት አትቀበል።