ትርፍ ለማን?

የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት በእኛ በስደተኛ ተማሪዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጠዋል። አንደኛው ወገን ነገሩን የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ሥራ ያስገኛል፣ ሥራው ደመወዝ ያመጣል፣ ከደመወዙም ወደ አገር ቤት የሚላክ ይተርፋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ይህን ትምህርት የመረጠውን ወጣት ከሕዝቡ ጎን ተነሥቶ ወደ ባለሀብቱ ጎን እንደ ተሻገረ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ሳያነሡ ያልፋሉ። ይኸውም ሥራን የሚመራ ሰው የሚመራው ለማን ነው? የሚለው ነው።

ጥያቄው ከመጽሐፍ አልመጣብንም። በቶሮንቶ፣ በዶን ወንዝ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለው ቶርንክሊፍ ፓርክ ቀድሞ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ ነበር። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ተተክለውበት የአዲስ መጤዎች መንደር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በዚሁ ሠፈር በ71፣ በ75 እና በ79 ቁጥር ሕንፃዎች የሚኖሩ ከ100 በላይ ተከራዮች ኪራይ መክፈል አቆሙ። በኦንታሪዮ ለዚያ ዓመት የተወሰነው የጭማሪ ጣሪያ 2.5 በመቶ ነበር። ሆኖም አከራዩ ለከፍተኛ ጥገና ወጪ አድርጌአለሁ ብሎ ሲያመለክት በዓመት እስከ 3 በመቶ ተጨማሪ ሊፈቀድለት ይችላል። ጠቡ የተነሣው ከጣሪያው በላይ በሚጠየቀው በዚህ ጭማሪ ነው።

በዚያው ሠፈር፣ በሌላ ሕንፃ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር አንድ ጓደኛችን የሥራ አመራር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወረቀት እጁ ገባ። አንደኛው የአንድን የኪራይ ሕንፃ ገቢ እንዴት ማሳደግ እንደሚቻል የሚጠይቅ የክፍል መልመጃ ነበር፤ ሁለተኛው ለእናቱ የመጣ የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበላቸው።

«ልጄ፣ ልክ ናቸው?» አሉት።

«በሒሳቡ ልክ ናቸው፣ እማዬ።»

«እኔ መቼ ስለ ሒሳቡ ጠየቅሁህ?»

ጓደኛችን ለመልመጃው ከፍተኛ ማርክ አገኘ። ለእናቱ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም።

ኤኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1970 በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ሥራ አስኪያጅ የባለንብረቶች ተቀጣሪ ስለሆነ ግዴታው የጨዋታውን ሕግ ሳይጥስ ትርፋቸውን ማሳደግ ነው ሲል ተከራክሯል። በሰው ገንዘብ ቸር መሆን ቸርነት አይደለምና ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከላይ ከጠቀስናቸው ሕንፃዎች ባለቤቶች አንዱ የካናዳን የመንግሥት ሠራተኞች፣ የወታደሮችና የፖሊሶች ጡረታ የሚያስተዳድር ተቋም ነበር። በኪራይ ላይ የምትጨመረው ዶላር የአንድ ሽማግሌ ጡረታ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ «ክፉ ባለሀብት» ብሎ ማለፍ አያዋጣንም።

ይሁን እንጂ ጡረተኛው ዶላሯ ከማን ጓዳ እንደ ወጣች አያውቅም። ተከራይዋም ወደ ማን እንደምትሄድ አታውቅም። ገቢውንም ወጪውንም፣ ሰጪውንም ተቀባዩንም በአንድ ገጽ ላይ የሚያየው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። ኃላፊነቱ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። «እኔ ተቀጣሪ ነኝ» የሚለው ምክንያት ከሌሎቹ ይልቅ አጥርቶ ያየ ሰው አላየሁም እንዲል የሚፈቅድ ምክንያት ነው።

በአንጻሩ የሒሳብ ንቀትም የራሱ ታሪክ አለው። ቋንቋችን ንግድ የሚያስገኘውንም፣ ከሚያስፈልግ በላይ የሆነውንም በአንድ ቃል «ትርፍ» ይለዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራይ ተቀነሰ፤ ለድሃው ተከራይ እውነተኛ እፎይታ ነበር። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች የቀበሌ ማኅበራት ተረከቧቸው። የሚሰበሰበው ኪራይ ግን ቤቶቹን ለማደስ አልበቃም። ዓመታት ሲያልፉ ቆርቆሮው ዛገ፣ ጭቃው ረገፈ፤ ዕዳውን በመጨረሻ የከፈለው ያው ድሃ ተከራይ ነው። ፍትሕ የሌለው ሒሳብ ሰውን ከጣሪያው ሥር ያስወጣል፤ ሒሳብ የሌለው ፍትሕ ደግሞ ጣሪያውን በሰው ላይ ያፈስሳል።

ሁለቱን ማስታረቅ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። የዕቁብ ዳኛ ያለ ዋስ ገንዘብ አይሰጥም፤ ጸሐፊውም አንዲት ሳንቲም አያሳልፍም። ነገር ግን ከአባላቱ አንዱ ሐዘን ወይም ሕመም ሲደርስበት ባለ ዕጣው ተለምኖ ተራውን ይለቅለታል። ከሒሳቡ አንዳች አልጎደለም፤ ሰውየውም አልወደቀም። እርግጥ ነው፣ ዕቁብ የሚተዋወቁ ሰዎች ማኅበር ነው። ሺህ ክፍሎች ያሉትን ሕንፃ የሚመራ ሰው ግን የተከራዮቹን ፊት አያውቅም። በትምህርት ሊሞላ የሚገባው ክፍተት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንን መሂስ ይገባናል። እኛ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች በእነዚህ ወጣቶች ላይ ስንፈርድ ቆይተናል። እጃችን ንጹሕ የመሰለን አንድም ቀን የሰው ገንዘብና የሰው ቤት ስላልተሰጠን ነው። ነገ አገር ቤት ፋብሪካ፣ ሆስፒታልና የኪራይ ቤት ማስተዳደር ሲመጣ መፈክራችን የደመወዝ መዝገብ አይሞላም።

ስለዚህ የሥራ አመራር ተማሪ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ተዉት አንልም። የሒሳብ አያያዙን፣ የገንዘብ አስተዳደሩን፣ የሠራተኛ አመራሩን አጥብቃችሁ ተማሩ እንላለን። ነገር ግን በእያንዳንዱ መልመጃ ግርጌ መምህሩ ያልጠየቀውን አንድ መሥመር ጨምሩ፦ ይህን ቁጥር የሚከፍለው ማን ነው? ከከፈለ በኋላስ ምን ይቀረዋል?

ጓደኛችን ያን ደብዳቤ ይዞ ወደ ተከራዮች ስብሰባ ሄዷል። የጥገናውን ወጪ ዝርዝር በየመሥመሩ እያነበበ፣ የትኛው የግድ እንደ ነበረ የትኛውስ ለጌጥ እንደ ዋለ ለጎረቤቶቹ አስረድቷል። ይህን ማድረግ የቻለው ያ ሁለተኛው ወገን ባወገዘው ትምህርት ነው። እናቱም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይሰሙት ነበር።