የምግብ መሰብሰቢያው ሣጥን

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኅዳር 2013፣ የምስጋና ቀን ሲቃረብ፣ በኦሃዮ ካንተን ባለ አንድ የዋልማርት መደብር ውስጥ የምግብ መሰብሰቢያ ሣጥኖች ተቀመጡ። ለማን? እዚያው ለሚሠሩ ችግረኛ ሠራተኞች! የሚሰጡትም ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ፎቶው ሲወጣ ሕዝቡ ተከራከረ። ሠርቶ የማይጠግብ ሠራተኛ መኖሩ ነውር ነው ያሉ ነበሩ። ኩባንያው ግን ሠራተኞቹ ምን ያህል እንደሚተሳሰቡ ያሳያል አለ።

ለእኔ ሁለቱም እውነት ናቸው። ከትንሽ ደመወዙ ቆርሶ ለባልደረባው ያስቀመጠ ሰው መልካም አደረገ። የእርሱ መልካምነት ግን የአሠሪውን ዕዳ አይከፍልም።

ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የሚገሥጸው ደመወዝ ያስቀሩትን ነው፤ እዚህ ግን የተስማሙበት ተከፍሏል ትሉኝ ይሆናል። እሺ። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ግን ተስማማ ወይስ አማራጭ አጣ? ከእናንተ መካከል መጋዘን ውስጥና ካሸር ላይ የምትውሉ መልሱን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ደግሞም ርካሽ ዋጋ ልጆች ለሚያሳድግ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ሱቁን ተዉ ለማለት አፌ አይደፍርም። እኔው ራሴ ባለፈው ሳምንት ሩዝ በቅናሽ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቅናሹን ማን እንደከፈለልኝ የጠየቅሁት መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።